ከፒኖክ ትምህርት ቤት ወለል ሥር

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ከራሴ አልፈጠርኩትም።

መጀመሪያ ለሸሪፉ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። ቀጥሎ ለቄስ ነገርኩ፤ "ልጄ፣ እንቅልፍ በደንብ ትተኛለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ሦስተኛው የጋዜጣ ሰው ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ ካዳመጠኝ በኋላ "አንባቢዎቻችን ማወቅ የሚፈልጉት ስለ ባቡር ሐዲዱ ነው" ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው።

ባታምኑኝም ግድ የለኝም...

አይ፣ ዋሸሁ። ግድ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

ጊዜው የካቲት 1887 ነው። ቦታው ፒኖክ፣ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያለች ትንሽ የብር ማዕድን ከተማ። የተጀመረበትም ያበቃበትም ሰዓት አንድ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት።

ፀሐይ በረዶው ላይ እያንጸባረቀች። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ባሉበት ክፍል ውስጥ።

ስሜ ሎቲ ዴምስተር ይባላል። ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነበር። ፒኖክ ከእኔ ሌላ አስተማሪ አልነበራትም።

ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መሐል ላይ የብረት ምድጃ፣ ፊት ለፊት ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሥር የጥድ ሳንቃ ወለል። ወለሉን በገዛ እጁ ምስማር የመታው ሚስተር አብነር ክሮል ነው። ይህን በየሳምንቱ ሳያስታውሰኝ አያልፍም።

ክሮል የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። የሱቁ ባለቤት ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ የሚኖሩባቸው ቤቶችም የእሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን "ከመጀመሪያዎቹ" አንዱ ነው። መንገድ ሳይኖር በበሬ ጋሪ ተራራውን የወጡት አራት ቤተሰቦች ናቸው። ፒኖክ ውስጥ "የመጀመሪያዎቹ" አንዴ ከተናገሩ፣ ነገሩ አለቀ። ሌላው ሰው ሁሉ እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ሄፕሲ ልምጣ።

ሄፕሲ ዩረን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ጃጎ ማዕድን ቆፋሪ ነው። ልጅቷ ስታነብ እንደ ወፍ ትበራለች፤ ቁጥር ስትሰማ ግን ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ከሰባት ማባዣ ጋር ሁለት ወር ታግለን፣ ሁለታችንም ተሸንፈን ነበር።

አንድ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ተስፋ ሳይኖረኝ ጠየቅኋት።

"ሄፕሲ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት?"

አንገቷን ደፋች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ቆየች...

"ሃምሳ ስድስት፣ ሚስ።"

ጠመኔው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

"ዘጠኝ ጊዜ ስድስት?"

እንደገና አንገቷን ደፋች። ጠበቅኳት።

"ሃምሳ አራት።"

"ኧረ ተአምር!" አለ ኦርቪል ከኋላ። ኦርቪል የክሮል ልጅ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ፣ አፉ የማያርፍ። "ነገ ደግሞ የአባቴ በቅሎ መጽሐፍ ታነብልናለች!"

ማንም አልሳቀም።

በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ኦርቪል ቀልዶ ያልተሳቀበት ቀን አላውቅም።

እያታለለችኝ መሰለኝ። አንዱ ከኋላ ይነግራታል አልኩ። ከመጨረሻው ረድፍ አስነስቼ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኳት።

"ሚስ... እባክዎ፣ እዚህ አይሁን።"

"ምነው? እዚህ ይሞቅሻል እኮ።"

"እዚህ አይሰማም።"

"ምኑ ነው የማይሰማው?"

ልጆቹ በሙሉ ሄፕሲን አዩዋት... ምሥጢር ያወጣ ሰው እንደሚታየው።

ለምሳ ሲወጡ በሩን ዘጋሁ። ሄፕሲ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ሄጄ ተንበረከክሁ። በራሴ እያፈርኩ ጆሮዬን ሳንቃው ላይ አደረግሁ።

"ሰባት ጊዜ ስምንት" አልኩ በሹክሹክታ።

ምንም።

ቀሚሴን አራግፌ ልነሳ ስል...

ጠቅ።

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

ቆጠርኩ። ምን ላድርግ፣ አስተማሪ ነኝ፤ ቆጠርኩ።

ሃምሳ ስድስት ነበር።

በዚያው ቀን ክሮል ሱቅ ሄድኩ። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ትንባሆ ያኝካሉ።

"እና ምን ይሁን?" አለኝ ክሮል። "የማዕድን ከተማ ነው። ይቆፈራል። ሲቆፈር ይንኳኳል።"

"ሚስተር ክሮል... የሚያንኳኳው ነገር ማባዛት ያውቃል።"

አየኝ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረ።

"ሰማችሁ? ድንጋያችን ፊደል ቆጥሯል!"

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንደኛውማ ትንባሆው ትን ብሎት ነበር።

"ከፍታው ነው፣ ልጄ" አለኝ ክሮል፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ። "የሜዳ አገር ሰው ተራራ ሲወጣ ጭንቅላቱ ይዞርበታል። ሂጂ፣ ትኩስ ሾርባ ጠጪና ተኚ።"

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ጉንጬ ግን እስከ ቤት ድረስ ይቃጠል ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት የሄፕሲን አባት ጠራሁት። ጃጎ ዩረን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ ዋሻ ውስጥ የሚያበራበት የሻማ ጉራጅ ቆቡ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ግዙፍ ሰው ነው። ሳንቃው ላይ ሲንበረከክ ወለሉ ሲጥ አለ።

"አራት ጊዜ ሦስት" አልኩ።

አሥራ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

ጃጎ አልተነሳም።

"ከዚህ ሥር የሚቆፈር ነገር አለ?" አልኩት።

"የለም። የኛ ዋሻ ከወንዙ ማዶ ነው። ከዚህ ሥር ድፍን አለት ነው።"

"ታዲያ መዶሻው ከየት..."

"መዶሻ አይደለም፣ ሚስ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሃያ ዓመት መዶሻ ስሰማ ኖሬያለሁ። ብረት አለት ሲመታ ይጮሃል። ይሄ አይጮህም።"

ጣቱን አጠፈ። በአንጓው ወለሉን ቀስ ብሎ መታ።

ጠቅ።

ልክ እንደዚያ።

ላቡ በጺሙ ላይ ሲወርድ አየሁት። ምድጃው ግን ጠፍቶ ነበር።

"ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ይህን ይናገሩልኛል?" አልኩት።

"እንዴታ! ልጄ እኮ ናት።"

ያን ቀን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተሰማኝ። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነበርኩ።

አርብ ጠዋት ስም ጠራሁ። ከኤድና ኤምስ ጀምሬ በአባት ስም ፊደል ተራ ወረድኩ። የመጨረሻዋ ሁልጊዜም ሄፕሲ ናት።

"ሄፕሲ ዩረን።"

"አቤት!"

መዝገቡን ዘጋሁ።

ጠቅ።

አንድ ጊዜ ብቻ። ከወለሉ ሥር። "አቤት" እንደማለት...

ልጆቹ ወደ ታች አላዩም። ወደ እኔ ነበር የሚያዩት። በትዕግሥት። የቀላል ጥያቄ መልስ የጠፋባትን ልጅ እኔ ራሴ እንደማያት።

በእረፍት ሰዓት ማንም አልወጣም። ውጭ አዲስ በረዶ ወርዷል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን በበረዶ ሊደባደቡ ሲሮጡ በሩን ይነቅሉት ነበር። ዘወር ስል አሥራ ዘጠኙም ጫማቸውን አውልቀዋል። ባዶ እግራቸውን ሳንቃው ላይ አሳርፈዋል።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"እያዳመጥን" አለ ኦርቪል።

በድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ይቀልድ ብዬ የተመኘሁበት የመጀመሪያው ቀን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ከሱቁ ጀርባ ተሰበሰበ። የጠየቅሁት ትንሽ ነገር ነው። ወለሉ እስኪመረመር ድረስ ልጆቹን በጸሎት ቤቱ ላስተምር አልኩ። በቃ። ከዚያ ወደ ጃጎ ዞርኩ።

"ሚስተር ዩረን ራሳቸው ሰምተዋል። ይንገሯችሁ።"

ጃጎ ቆቡን በእጁ ያሻል። ዓይኑ ከክሮል ጫማ አልተነሳም።

"እኔ... ምንም አልሰማሁም።"

"ሚስተር ዩረን!"

"አይጥ ይሆናል፣ ሚስ።"

የሚኖረው በክሮል ቤት ነው። ይገባኛል። ያን ቀን ግን አልገባኝም። ያን ቀን ቆቡን ነጥቄ ፊቱን ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

ክሮል ተነሳ።

"አንቺ ገና ስትድሂ እኛ የገዛ በሬዎቻችንን አርደን በልተን ክረምት አሳልፈናል! ወንድሜን በረዶ ውስጥ ቀብሬያለሁ! አሁን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ መጥታ ወለሌን አትሰድብም። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ብትደግሚው፣ ረቡዕ ከከተማ በሚወጣው ሠረገላ ላይ ነሽ።"

ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ "አስተማሪዋ እረፍት እንድታደርግ ተመከረች" ብሎ ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት። አስተማሪ የሚለውን ቃል እንኳ ተሳስቶ ነው የጻፈው።

የማድረው መበለቲቱ ሚስስ ጉንድሪ ቤት ነበር። እሳቸውም ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። እሑድ ከጸሎት መልስ፣ ሥጋና ድንች በሊጥ እየጠቀለሉ ሳለ፣ በሩ መዘጋቱን በዓይናቸው አረጋገጡና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ከጠየቀኝ ግን አላልኩም ነው የምለው።"

"እሺ።"

"ስንመጣ አንድም ልጅ አልነበረንም። አራት ባል፣ አራት ሚስት፣ ስምንት በሬ። ታዲያ በረዶው ሲቀልጥ ክሮል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የማንም ቤት ሳይቆም የትምህርት ቤቱን ካስማ ተከለ። 'ልጅ ሳይወለድ ትምህርት ቤት?' ብለን ሳቅንበት። 'ለምንስ እዚህ?' አልነው።"

"ምን አላችሁ?"

ሊጡን በጣታቸው ቆንጥጠው ዘጉ።

"'ልጆቹ ሲያጠኑ የሰማሁት እዚህ ጋ ነው' አለ።"

"እና ዝም አላችሁ? አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ?"

"ምን እንበል፣ ልጄ? ብሩ ተገኘ። ልጆች ተወለዱ። ትምህርት ቤት ነበረ... ላክናቸው።"

መጮህ ፈለግሁ። እሳቸው ግን "ጨው አቀብዪኝ" አሉኝ። አቀበልኳቸው።

ሰኞ ጠዋት ስም ጠራሁ።

"ሄፕሲ ዩረን።"

"አቤት!"

መዝገቡን ዘጋሁ። ጠበቅሁ...

ምንም።

ተመስገን አልኩ። ምናልባትም አይጥ ነበር። ምናልባትም ከፍታው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እነሱ ትክክል እንዲሆኑ ከልቤ ተመኘሁ።

አራት ሰዓት ሆነ። የቁጥር ትምህርት ልጀምር ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

"ሚስ..."

ሄፕሲ ናት። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው።

"ጠመኔውን ያስቀምጡት።"

"ለምን?"

"ዛሬ የሚጠሩት እርስዎ አይደሉም።"

ጠቅ።

ኤድና ኤምስ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አቤት" አለች... ወደ ወለሉ እያየች።

ጠቅ።

ከእሷ ቀጥሎ በመዝገቤ ያለው ልጅ ተነሳ። "አቤት።"

ጠቅ። "አቤት።"

ጠቅ። "አቤት።"

መዝገቡን ከፈትኩ። ጣቴ በስሞቹ ላይ ይወርዳል። አንድም ሳይዘለል። በፊደል ተራ። በእኔ መዝገብ ተራ!

"ተቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ። "ተቀመጡ ብያለሁ!"

የሰማኝ የለም። የኦርቪል ተራ ደረሰ። ያ ባለጌ ልጅ እጁን አጣምሮ ተነሳ።

"አቤት" አለ፣ ከዚያ በፊት ከአፉ ሰምቼ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ።

ትከሻውን ይዤ ነቀነቅሁት። ግንድ እንደመነቅነቅ ነበር። ሮጬ በሩን በረገድኩት። ብርዱ እንደ ውኃ ገባ። አንድም ልጅ ዞር አላለም።

ጠቅ። "አቤት።"

አሥራ ስድስት... አሥራ ሰባት...

አሥራ ስምንት።

የቀረችው ሄፕሲ ብቻ ናት። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትጠብቃለች። ፈገግ ብላለች። ስጦታ ሊሰጣት እንደሆነ ልጅ።

ዓይኔ የእጅ ቃጭሉ ላይ አረፈ። ልጆቹን ወደ ቤት የምሸኝበት ቃጭል ነው። በሁለት እጄ ያዝኩና ክንዴ እስኪዝል ደወልኩት።

እግራቸው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። እነሱ ሳያስቡ እግራቸው ሮጠ። እየተጋፉ፣ እየተረጋገጡ ወደ በረዶው ወጡ። ሄፕሲን ግን ወገቧን ይዤ ጎትቼ ነው ያወጣኋት። ትራገጣለች፤ እጄን ነከሰችኝ።

"የኔ ተራ ነው! ሚስ፣ የኔ ተራ ነው!"

ውጭ ቆጠርኳቸው። አሥራ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።

አሥራ ስምንቱ በብርድ እየተንቀጠቀጡ "ለምን ወጣን? ካፖርታችንስ?" ይላሉ። ምንም አያስታውሱም። የምታስታውሰው ሄፕሲ ብቻ ናት፤ እሷም በረዶው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

"ሁሉም ተጠሩ... እኔ ብቻ ቀረሁ..."

ክሮል ካፖርት እንኳ ሳይደርብ ከሱቁ እየሮጠ መጣ።

"በትምህርት ሰዓት! ማን ፈቀደልሽ?"

"አይግቡ፣ ሚስተር ክሮል። እለምንዎታለሁ፣ አይግቡ።"

ገፍቶኝ ገባ። መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ በጫማው መታው።

"ይኸው! ይኸው ወለሉ! ምን ሆነ?" ደግሞ መታ። "ምን ሆነ?"

በሦስተኛው ምት ሳንቃው ተነፈሰ... ልክ ሰው እንደሚተነፍስ። ከዚያ ክሮል አልነበረም።

ጃጎና ሌሎች ሰዎች ከተሰበረው ወለል ሥር በገመድ አወጡት። እግሩ ተሰብሯል። እሱ ግን እግሩን አላየም። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አዩ?" አልኩት።

ከተማው በሙሉ ከቦናል። አየኝ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሰዎቹን አያቸው።

"ምንም። አሮጌ ጉድጓድ ነው። ድፈኑት።"

በዚህ ጊዜ ውስጤ የነበረ ነገር ተበጠሰ።

"እኔ እወርዳለሁ!"

"ሚስ፣ ይተዉት" አለ ጃጎ።

"ሳምንት ሙሉ እብድ ስባል ከርሜያለሁ! እወርዳለሁ አልኩ!"

ገመዱን በገዛ እጄ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ጃጎ ፋኖስ ይዞ ተከተለኝ። አፍሮ ይመስለኛል።

ያየነውን አይተን ከወጣን በኋላ፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከማዕድኑ የተረፈ ድንጋይ በጋሪ እያመጡ ሞሉት። አዲስ ሳንቃ መቱበት። ኮሚቴው "አሮጌ የብር ፍለጋ ጉድጓድ" ብሎ መዘገበው። ጃጎ ተጠየቀ፤ "ያየሁት ድንጋይ ነው" አለ። ሚስስ ጉንድሪም አላልኩም አሉ፤ ይህንንስ አስቀድመው ነግረውኛል። ረቡዕ ሠረገላው ላይ ነበርኩ። ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ሄፕሲ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ትምህርቱ ግን በሳምንቱ ተጀመረ። በዚያው ክፍል። ይህን ሳስብ እስካሁን እጄ ይጨበጣል።

እና ከታች ያየሁት...

ጥልቀቱ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ነው። ጉድጓድ አይደለም። ክፍል ነው።

ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። መሬቱ ንጹሕ ነው፤ ከላይ ከወደቀው ስብርባሪ ሳንቃ በስተቀር አቧራ እንኳ የለበትም።

ከአለቱ ራሱ የተጠረቡ አግዳሚዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ዝቅ ያሉ ናቸው። የልጅ ቁመት። ላያቸው ተበልቶ ጎድጉዷል፤ ብዙ መቶ ዓመት የተቀመጡበት ይመስላል።

መቁጠር ጀመርኩ።

"ሚስ" አለ ጃጎ በሹክሹክታ። "አይቁጠሩ።"

መዶሻውን አውጥቶ አራቱንም ግድግዳ እየዞረ አንኳኳ። በር የለም። ስንጥቅ የለም። ድፍን አለት ነው።

"ታዲያ በየት ገቡ?" አልኩት።

"አላውቅም።"

"በየትስ ወጡ?"

ጃጎ ፋኖሱን ከፍ አደረገ።

ከአግዳሚዎቹ ፊት ለፊት አንድ ከፍ ያለ መቀመጫ ብቻውን ቆሟል። ድንጋይ ነው። የትልቅ ሰው ነው።

ትንፋሻችን ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም... ጓንቴን አወለቅሁ። መዳፌን መቀመጫው ላይ አሳረፍሁ።

ሞቃት ነበር።

ሰው አሁን ገና የተነሳበት ወንበር እንደሚሞቀው።